«ገባኝ» ስለ ማለት

36 ዓመት በመምህርነት ስሠራ ከተማሪዎቼ አፍ አብዝቼ የሰማሁት ቃል «ገባኝ» የሚለው ነው። ትምህርቱን አስረድቼ «ገባችሁ ወይ?» ብዬ በጠየቅሁ ጊዜ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ድምፅ «አዎን!» ይላል። እኔ ግን ይህን ቃል አላምነውም ነበር፤ ከኋላ ወንበር ተደብቆ የተቀመጠውን አንዱን አስነሥቼ «እስቲ አንተ፥ ያልሁትን መልሰህ ንገረኝ» ስለው እውነቱ ይገለጣል። ይህን ያህል ዘመን ሌላውን ስመረምርበት የኖርሁትን ነገር፥ ተራዬ ደርሶ ከሐኪም ፊት በተቀመጥሁ ጊዜ እኔው ራሴ አፈረስሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ራሴን እያመመኝ ወደ አንድ ሆስፒታል ሄድሁ። የደም ግፊቴ ሲለካ 180 በ110 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ነበረች፤ ከበር ውጭ ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ስለ ነበረ ቀና ብላ ሳታየኝ ጻፈችና «ኢናላፕሪል ነው፤ ጧትና ማታ አንዳንድ ይውሰዱ፤ ከወር በኋላ ይመለሱ። ገባዎት አባባ?» አለችኝ።

«ገብቶኛል ልጄ» አልሁ። ምን እንደ ገባኝ እግዚአብሔር ያውቃል! መድኃኒቱ እስከ መቼ እንደሚወሰድ፥ ምን ሊያስከትል እንደሚችል፥ ባቆመው ምን እንደሚደርስብኝ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አስተማሪ የነበረ ሰው መጠየቅን ካፈረ ያልተማረው ምን ያድርግ?

ሁለት ሳምንት እንደ ወሰድሁ ደረቅ ሳል ያዘኝ። ሌሊት ሌሊት እያሳለኝ ባለቤቴን እንቅልፍ ነሣኋት። ራስ ምታቱ ትቶኝ ስለ ነበረ «እንግዲህ ድኛለሁ» ብዬ ክኒኑን ተውሁት፤ ሳሉም ጠፋ። በቀጠሮዬ ስመለስ ግፊቴ እንደ ቀድሞው ከፍ ብሎ ተገኘ። «መድኃኒቱን በትክክል ይወስዳሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አንድም ቀን አላቋረጥሁም» አልሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልሁ ሌላውን ስመክር የኖርሁ ሰው ይህን ስናገር አንደበቴ አልተያዘም።

ሐኪሟ እውነት መስሏት መጠኑን እጥፍ አደረገችው፤ ሽንት የሚያሸና ሌላ ክኒንም ጨመረችበት። ይህን ጊዜ ፈራሁና ሁሉንም በአንድ ላይ ጀመርሁ። በአራተኛው ቀን ከአልጋዬ ስነሣ ዓይኔ ጨለመ፤ ወድቄም ግንባሬ በኮመዲኖው ጠርዝ ተሰነጠቀ። ጠባሳው ዛሬም አለ። ሐኪሟ ያከመችው አንድም ቀን ያላቋረጠውን ሰው ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እኔ አልነበርሁም።

ግንባሬን የሰፋልኝ ሐኪም ጠና ያለ ሰው ነበረ። «ጋሼ፥ ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለማንም ይከብዳል፤ ባለፈው ወር ስንት ቀን አለፈዎት?» አለኝ። «አልፎዎታል ወይ?» አላለም፤ «ስንት ቀን» ነው ያለው። ለመዋሸት ምክንያት ስላልተወልኝ ሁሉን ዘረገፍሁለት። ሳሉ በአንዳንድ ሰው ላይ ከኢናላፕሪል የሚመጣ የታወቀ ነገር መሆኑን ነግሮኝ መድኃኒቱን በአምሎዲፒን ለወጠልኝ። ይኸኛው እግሬን ሊያሳብጠኝ እንደሚችል፥ ቢያሳብጠኝም በራሴ ፈቃድ ሳላቆም እንድመጣለት፥ ግፊት ራስ ሳያሳምምም ውስጥ ለውስጥ ልብንና ኩላሊትን እንደሚጎዳ አስረዳኝ። ከዚያም «እንግዲህ እቤት ሲገቡ ለባለቤትዎ ምን ብለው ይነግሯቸዋል?» ብሎ አስደገመኝ። ልክ እንደ ኋላ ወንበር ተማሪ! ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት አጠገብ በነበረው ክሊኒክ አንድ ድሬሰር ነበረ። ክኒኑን በእናቶች መዳፍ ላይ እየቆጠረ «ይህ ዶሮ ሲጮህ፥ ይህ ከብት ሲገባ» ይላቸውና ሳያስደግም አያሰናብታቸውም። ዛሬ በመድኃኒቱ ከረጢት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጎረቤቴ ቀጠሮዋ 8 ሰዓት ተብሎ ተጽፎላት ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ሄደች፤ የጻፉላት ለካ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖሮ ሐኪሙ ጧት በ2 ሰዓት ጠብቋት ሄዷል።

ይህስ በሌላ ቀጠሮ ይቃናል። የእኅቴ ልጅ ግን የሳንባ ነቀርሳ ይዞት የ6 ወር መድኃኒት ተጀመረለት። ከመድኃኒቶቹ አንዱ፥ ሪፋምፒሲን የሚባለው፥ ሽንትን ያቀላል፤ ጉዳትም የለውም። ይህን የነገረው አልነበረም። ልጁ ሽንቱን ባየ ጊዜ ኩላሊቱ የደማ መሰለውና ለማንም ሳይናገር ክኒኑን ጣለው። ከወራት በኋላ ደም እየተፋ፥ አጥንቱ ቀርቶ ተሸክመን ወሰድነው። እንዲህ ያለው ማቋረጥ ተሕዋሲው መድኃኒቱን እንዲለምድ ሊያደርገው ስለሚችል፥ የምርመራው ውጤት እስኪመጣ ድረስ እኅቴ እህል አልቀመሰችም። እግዚአብሔር ይመስገን፥ አልለመደም ነበርና ልጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዳነ።

ግንባሬ ከዳነ በኋላ ወደዚያች ወጣት ሐኪም ተመልሼ ሄድሁ። «ልጄ፥ ዋሽቼሽ ነበር» አልኋት። ብዕሯን አስቀመጠች።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አፈርሁ።»

ጥቂት ዝም አለች። «ሳል ሊመጣ እንደሚችል መንገር የኔ ፋንታ ነበረ፤ ያን ቀን የውጭውን ሰልፍ ሳስብ ረሳሁት» አለችና ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። «እስቲ አሁን የሚወስዱትን ሁሉ ያሳዩኝ።»

ከኮቴ ኪስ ከረጢቶቹን አውጥቼ አንድ በአንድ ጠረጴዛዋ ላይ ደረደርኋቸው።