ከሰሉን ደጅ አሳድሪው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እናትሽ ጋቢ ገዝታልሻለች፤ የቡራዩው አጎትሽ ቅዳሜ ያመጣልሻል።

ባለፈው በስልክ «ማታ ማታ ከሰል እያስገባን እንሞቃለን» ስትይኝ እንቅልፍ አጣሁ። አራት ሆናችሁ በአንዲት ክፍል፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ወትፋችሁ፣ መስኮት ዘግታችሁ ስትተኙ ታየኝ። ልጄ፣ ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላ ሰው አደጋው ያለፈ ይመስለዋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ከዚያው ከቀላው ፍም ይወጣል፤ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ከዚያ ድብት ያደርጋል። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ደግሞ ሕመሙንም ሳይሰማው ይቀራል። ክረምት በገባ ቁጥር በዚህ ስንት ቤት ለቅሶ ተቀመጠ!

ስለዚህ ወጡንም ቡናውንም ውጭ ሥሩ፤ ፍሙን እዚያው ውኃ አፍስሱበት። ከጓደኞችሽ አንዷ ማታ ራሴን አመመኝ ካለች ብርድ ነው ብለሽ እንዳታልፊው፤ በሩን በርግደሽ ወደ ውጭ አውጫት፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ለመኝታሽ ጋቢው፣ ወፍራም ካልሲና ለብ ያለ ውኃ የተሞላ ሃይላንድ ይበቃሻል።

ሩጫሽን ግን ክረምት ነው ብለሽ አታቁሚ። ያለሽበት ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ያለ አገር ነው፤ ቀነኒሳ በቀለ የሩጫ መም እዚያ ያሠራው በከንቱ አይደለም። ያ ስስ አየር ለሳንባሽ ሀብት ነው። ብርድ ላይ ጡንቻ ቶሎ አይፍታታምና ሰውነትሽን ለማሟሟቅ ጊዜ ስጪ፤ ስትጨርሺ እርጥብ ልብስ ለብሰሽ ወሬ አትያዢ፣ ወዲያው ቀይሪ። ሜዳው ጭቃ ሆኖ ወደ አስፋልት ከወጣችሁ ደግሞ የጎጃም መንገድ ነው፣ ከባድ መኪናው ብዙ ነው። በግራ በኩል፣ መኪናውን ፊት ለፊት እያየሽ ሩጪ፤ ደማቅ ልብስ ልበሺ። ጉም ከወረደ ይቅርብሽ፣ በረንዳ ላይ ገመድ ዝለይ።

ነጎድጓድ ስትሰሚ ልምምዱን ተይ። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር እንዳትጠለይ፣ መብረቅ እሱን ነው የሚፈልገው። ቤት ወይም መኪና ውስጥ ግቢ፤ የመጨረሻው ነጎድጓድ ካለፈ በኋላም 30 ደቂቃ ታገሺ። ቡራዩ ስትሄጂም ወንዝ ደፍርሶ ካገኘሽው አትሻገሪ፤ ከቁርጭምጭሚት ትንሽ ከፍ ያለ ጎርፍ ጎረምሳ ይጥላል። ቢመሽብሽ አጎትሽ ጋ እደሪ።

የአከራያችሁን ስልክ ላኪልኝ። እንደ እናት ናትና ከዝናብ የተከለለች የከሰል ማንደጃ ጥግ እንድትሰጣችሁ እኔው ደውዬ እለምናታለሁ።

አባትሽ