በአኽን የፈረሶች ሰፈር

አኽን፣ ጀርመን ከቤልጂየምና ከኔዘርላንድ የምትዋሰንበት ጥግ ላይ የተቀመጠች የፍል ውኃ ከተማ ናት። ሻርለማኝ የተቀበረበት ካቴድራሏ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ ከመዘገባቸው 12 ቅርሶች አንዱ ነው፤ በዚያው ዝርዝር ላይ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም አሉ። ስለዚህ አኽን የደረሰ ሐበሻ ቀጥ ብሎ ወደ ካቴድራሉ ቢሄድ ደንብ ነው። እኔ ግን ከኮሎኝ በባቡር መጥቼ በሩቁ ተሳልሜው አለፍኩ። ሶርስ በሚባለው የከተማዋ ዳርቻ ፈረሶች ሰፍረው ነበር።

በ1898 የተቋቋመ አንድ የአካባቢው ማኅበር የመጀመሪያውን ትልቅ የፈረስ ውድድር እዚህ ያዘጋጀው በ1924 ነው። ዛሬ የውድድሩ ስም «ሲኤችአይኦ አኽን» ሲባል በፈረስ ስፖርት ዓለም የማያውቀው የለም። የመሰናክል ዝላይ አለ፣ የፈረሱ እርምጃና ታዛዥነት የሚመዘንበት ድሬሳዥ አለ፣ አገር አቋራጭ ግልቢያን የሚጨምረው ባለ ሦስት ፈተና ውድድር አለ፣ አራት ፈረስ የሚጎትተው ሠረገላ አለ፣ በሚጋልብ ፈረስ ጀርባ ላይ የሚሠራ ጅምናስቲክም አለ። ዋናው ስታዲየም 40 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል፤ ሜዳው ዛሬም የተፈጥሮ ሣር ነው። በቴሌቪዥን የምናየው ይህን ነው፤ ነጭ ሱሪ፣ ያማረ ኮት፣ ከአንድ ደቂቃ ተኩል የማይዘል ዙር። የቀረው የፈረሱ ቀንና ሌሊት የሚያልፈው ከስታዲየሙ ጀርባ ነው፣ ከባልደራሶቹ ጋር። እኔን በፍቅር የጣለኝም ያኛው ወገን ነው።

ያስገባችኝ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ተምራ ጀርመን የቀረች ወዳጄ ናት። የምትሠራው ለመድኃኒት ምርመራ ናሙና ከሚሰበስቡት ሐኪሞች ጋር ነው። የይለፍ ወረቀት አስወጣችልኝና በር ላይ ሦስት ነገር አስጠነቀቀችኝ፤ «ሳይፈቀድልህ ፈረስ አትንካ፣ ከኪስህ ምንም አታጉርስ፣ ደግሞ ሽንትህ ቢመጣ ጋጣ ውስጥ እንዳትሞክረው።» ሦስተኛው ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ሰው የወሰደው መድኃኒት በሽንቱ ይወጣል፤ ፈረሱ ያንን ገለባ ከበላ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይገኛል፤ ከዚያ በኋላ ማን ያምነዋል?

«በርበሬስ?» አልኳት፣ ቁርሴን ፍርፍር በልቼ ነበርና።

«እሱማ ታሪክ ያለው ነው!» አለች። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ የፈረስ ውድድሩ የተካሄደው ሆንግ ኮንግ ነበር። እዚያ የአራት ዘላይ ፈረሶች ናሙና ውስጥ ካፕሳይሲን ተገኘ፤ ሚጥሚጣን የሚያቃጥል የሚያደርገው ንጥረ ነገር ማለት ነው። በቅባት መልክ ሕመም ያስታግሳል፤ የፈረስ እግር ላይ ሲቀባ ደግሞ ቆዳው ስለሚቆጣ ፈረሱ መሰናክሉን ላለመንካት እግሩን አብዝቶ ያነሳል። ፈረሶቹ ታገዱ፣ ኖርዌይ በቡድን ያገኘችውን ነሐስ ተነጠቀች። እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ።

ሰፈሩ የሚነቃው በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ የሚሰማው የባልዲ ድምፅ ነው፤ ያን የሰማ አንድ ፈረስ በሩን በእግሩ ሲመታ ረድፉ ሁሉ ይከተለዋል። ድርቆሽ ይታደላል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እበት ይጠረጋል። ከዚያ ቴርሞሜትር ይወጣል። እያንዳንዱ ፈረስ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሙቀቱ ይለካል፤ ቁጥሩም በስልክ መተግበሪያ ይመዘገባል። ከ38.5 ዲግሪ ካለፈ ሐኪም ይጠራል። ይህ ጥብቅነት የመጣው በ2021 ስፔን ውስጥ ቫሌንሲያ በተካሄደ ውድድር የፈረስ ሄርፒስ ቫይረስ ተነሥቶ ፈረሶች ከሞቱ በኋላ ነው። ባልደራሶቹ የቫሌንሲያን ስም ሲጠሩ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ።

ፈረሱ ራሱ እንደ መንገደኛ ነው የሚስተናገደው። ፓስፖርት አለው፤ ክትባቱ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፏል። አንገቱ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ከቆዳው ሥር ማይክሮቺፕ ተቀብሮለታል። ሲገባ ቺፑ ይነበባል፣ እግሩ ይዳሰሳል። ከውድድሩ በፊት ደግሞ በጠንካራ መሬት ላይ በልጓም ተይዞ በሶምሶማ እየሮጠ በዳኛና በሐኪም ፊት ያልፋል፤ ካነከሰ ቀረ። የኳራንቲን ሕግ ስንት ነገር እንደሚያደርግ ለማወቅ 1956ን ማስታወስ ይበቃል፤ ኦሊምፒኩ ሜልበርን ሲደረግ፣ አውስትራሊያ የውጭ ፈረስ እንደ ልብ ስለማታስገባ የፈረሱ ውድድር ብቻ ተነጥሎ ስቶክሆልም ተካሄደ።

አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት በአንዲት ባልደራስ ደጃፍ ነው። ወጣት ናት፣ እጇ ግን የአናጢ እጅ ነው። የምትጠብቀው ፈረስ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ ነው። በፕሮግራሙ መጽሐፍ ላይ የታተመው ስሙ ረጅምና ባለ ማዕረግ ነው፤ ጋጣ ውስጥ ግን በሁለት ፊደል ታቆላምጠዋለች። በእኛ አገር ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። እዚህ ያለው ጋላቢ የፈረሱን ስም አይወርስም፤ ባልደራሷ ደግሞ በውጤት ሰሌዳው ላይ የራሷም ስም አይወጣላትም። ሰሌዳው ላይ ያለው ጋላቢ፣ ፈረስና አገር ነው። እኔን ብትጠይቁኝ ይህ በደል ነው።

ከውድድሩ በፊት ስትሠራ ካየሁት ሁሉ አሁን ድረስ ዓይኔ ላይ ያለው የጫማው ሥራ ነው። የሣር ሜዳ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ የፈረሱ ብረት ጫማ ላይ ብሎን የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ቀዳዳዎቹ በሌላው ጊዜ በዘይት በተነከረ ጥጥ ይደፈናሉ። እግሩን አነሣችና በጉልበቶቿ መካከል ያዘችው፤ ጥጡን በሚስማር መዝዛ አወጣች፣ አሸዋውን በብሩሽ ጠረገች፣ ብሎን የመሰለውን የብረት ጥርስ በጣቷ ጀምራ በመፍቻ አጠበቀች። ትንሽ ዘንቦ ስለነበር ወደ ሜዳው ሄዳ ሣሩን በተረከዟ ወግታ ነበር የተመለሰችው። መሬቱ ሲደርቅ አጭርና ሹል፣ ሲረጥብ ወፈር ያለውን ትመርጣለች። አንዱን ጥርስ አስገብታ አወጣችው፣ ደግማ አየችው፣ በሌላ ለወጠችው። ፈረሱ ይህ ሁሉ ሲሆን ጃኬቷን ከኋላ ያላምጥ ነበር።

አገሬን ጠየቀችኝ። በስልኬ እንጅባራ ላይ ጥር 23 የሚወጡትን የአገው ፈረሰኞች አሳየኋት። ቪዲዮውን ሁለት ጊዜ ተመለከተችና፣ ያን ሁሉ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የፈረስ ጌጥ እያጎላች፣ «ይህን የሚያጥበው ማነው?» አለች። ስለ ፈረሶቹ ብዛት እንኳ አልጠየቀችም።

ተመልካች ብዙም ልብ የማይለው ማሟሟቂያው ሜዳ ለእኔ ከስታዲየሙ ይበልጣል። ጠባብ ነው፤ ፈረሶች በሁሉም አቅጣጫ ይመላለሳሉ፤ ሕጉ ግራ ለግራ መተላለፍ ነው። መሰናክሉ ቀይ ባንዲራ በቀኝ፣ ነጭ በግራ ተደርጎበታል፤ የሚዘለለውም በዚያ አቅጣጫ ብቻ ነው። ተቆጣጣሪ ቆሞ ያያል። ባልደራሶቹ በየዝላዩ መካከል ሮጠው እንጨቱን አንድ ቀዳዳ ከፍ ያደርጋሉ፣ የወደቀውን ያነሣሉ። ጋላቢዎቹ ግን ቀድመው የስታዲየሙን ሜዳ በእግራቸው ለክተዋል፤ አራት የሰው እርምጃ አንድ የፈረስ ግልቢያ እርምጃ ነው፣ በሁለት መሰናክሎች መካከል ስንት እርምጃ እንደሚያስኬድ በጭንቅላታቸው ይዘዋል።

ሐሙስ ማታ በመብራት የሚደረገው የአገሮች ዋንጫ ነበር፤ ከየአገሩ አራት ጋላቢ፣ ሁለት ዙር፣ በየዙሩ የሦስቱ ምርጥ ውጤት ይቆጠራል። ባልደራሷ በመግቢያው በር ብርድ ልብስ በትከሻዋ፣ ባልዲ በእጇ ይዛ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ እርምጃ ትቆጥራለች። ቦራው እስከ መጨረሻው ንጹሕ ሄደና የመጨረሻውን መሰናክል በኋላ እግሩ ነካው፤ እንጨቱ ተንከባሎ ወደቀ፣ አራት የቅጣት ነጥብ። ስታዲየሙ አቃሰተ። ጋላቢው ፊቱ ጠቁሮ ወጣ። እሷ ፊቱን አላየችም፤ ጎንበስ ብላ የነካውን እግር ከጉልበቱ እስከ ኮቴው በመዳፏ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ነው ልጓሙን የያዘችው። ቦራው ያላበውን ራሱን ትከሻዋ ላይ አሻሸው።

ይህ ስፖርት የባለጸጎች እንደሆነ ማንም አይደብቀውም። በሚሊዮን ዩሮ የሚሸጥ ፈረስ አለ፤ የክብር እንግዶቹ ድንኳን ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ከዚያ ሁለት መቶ እርምጃ ሳይርቅ አንዲት ልጅ የሚሊዮኑን ፈረስ ዝግጁ አድርጋ መኪና ውስጥ ጠባብ አልጋ ላይ ታድራለች። ቢሆንም ባልደራሶቹ ሲያማርሩ የሰማሁት ስለ ደመወዝ ሳይሆን ስለ ሻወሩ ሰልፍ ነው።

እሑድ «ታላቁ ሽልማት» የሚባለው የዝላይ ውድድር ተጠናቀቀና የአኽን ወግ የሆነው ስንብት ተጀመረ። ሙዚቃ እየተሰማ፣ ፈረሰኞቹ ሜዳውን ሲዞሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ነጭ መሐረብ ያውለበልባል። ብዙ ሰው ያለቅሳል ይባላል። እኔ ያንን ያየሁት በአጥሩ ቀዳዳ ነው፤ ወዳጄ ሥራ ላይ ነበረችና አብሬያት ቀረሁ። ለምርመራ የተመረጠ አንድ ዳማ ፈረስ አዲስ ገለባ ወደ ተነጠፈለት ጋጣ ገብቷል፣ ባልደራሱ ለምስክርነት አብሮት ነው። ወዳጄ ረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ኩባያ አስራ ጥግ ይዛለች፤ ታፏጫለች። ፉጨት ሲሰሙ እንዲሸኑ ከልጅነታቸው የለመዱ ፈረሶች አሉ፤ ይህኛው ግን አልለመደም ወይም አልፈለገም። ባልደራሱም ተቀብሎ አፏጨ። ከስታዲየሙ ጭብጨባ፣ ከጋጣው የሁለት ሰው ፉጨት። በመጨረሻ ዳማው እግሩን ከፈት አድርጎ ቆመ፤ እሷ ዘንጉን ይዛ ስትጠጋ ደነገጠና ዘወር አለ፣ ያለውን ሁሉ ገለባው ላይ አፈሰሰው።

«በቃ፣ ደም እንቀዳለን» አለች በጀርመንኛ። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ በአማርኛ፣ «አንተ ባቡርህን ያዝ፣ እኔ ዛሬ አልወጣም።»