ቀን የሌለው ቃል

የስድስት ወር ኮንትራቴ ሊያልቅ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። እኔ አዲስ አበባ፣ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ኮድ እጽፋለሁ። የቡድናችን መሪ ጀርመናዊ ነው፤ የሚኖረውም እዚያው። የምንግባባው ለሁለታችንም የእናት ቋንቋ ባልሆነው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ኮንትራቱ ስጠይቀው አንድ መስመር መለሰልኝ፦ "ኢቨንቹዋሊ ቋሚ ሠራተኛ እናደርግሃለን።"

በእንግሊዝኛ "ኢቨንቹዋሊ" ማለት "ውሎ አድሮ፣ በስተመጨረሻ" ነው። ቀኑ አይታወቅም፣ ነገሩ ግን አይቀርም። እኔ ደግሞ ቃሉን ከማንም በላይ አምነዋለሁ፤ የሙያዬ ቃል ነዋ! መረጃን ብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስቀምጡ ዳታቤዞች "ኢቨንቹዋል ኮንሲስተንሲ" የሚባል ዋስትና አላቸው። አንዱ ሰርቨር ላይ የቀየራችሁት ነገር ሌላው ላይ ወዲያው ላይታይ ይችላል። ሌላ ለውጥ ካልመጣ ግን ውሎ አድሮ ሁሉም አንድ ዓይነት መልስ ይሰጣሉ። መዘግየት አለ፣ መቅረት የለም።

ስለዚህ አንድ የአገር ውስጥ ድርጅት ያቀረበልኝን ሥራ "ይቅርብኝ" አልኩ። ለእናቴም ደውዬ "ቋሚ ልሆን ነው" አልኳት። በስልክ እልል አለች።

ኮንትራቱ አለቀ። በጀት የለም ተባልኩ። "ቃል ገብተህልኝ ነበር እኮ" ስለው ሰውዬው ከልቡ ግራ ገባው። "እኔ ምናልባት ነው ያልኩህ" አለኝ።

እውነቱን ነበር። በጀርመንኛ "ኤቨንቱዌል" ማለት "ምናልባት" ነው። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ቃሉን ከአገር አገር ተከተልኩት። በፈረንሳይኛም፣ በደችም፣ በስዊድንኛም ያው "ምናልባት" ነው። በፖላንድኛ "ካልሆነም ደግሞ" ወደ ማለት ያደላል። ዴንማርኮች የስብሰባ አጀንዳ የመጨረሻ መስመር ላይ "ኤቨንቱዌልት" ብለው ይጽፋሉ፤ "ሌላ ጉዳይ ካለ" ለማለት ነው። ስፔኖች ደግሞ ጊዜያዊ ሠራተኛን "ኤቬንቱዋል" ይሉታል። በስፓኒሽ ቢሆን ኖሮ የተባልኩት ሁሉ ልክ ነበር ማለት ነው።

የሁሉም ምንጭ አንድ የላቲን ግሥ ነው፤ "ወጥቶ መምጣት" ማለት። እኛ ከ"ወጣ" "ውጤት" እንዳልነው መሆኑ ነው። ሌሎቹ "ሊወጣ የሚችለውን" ያዙ፤ እንግሊዝኛ "በመጨረሻ የሚወጣውን" ያዘ። ድሮ እንግሊዝኛም ቢሆን በመጀመሪያው ትርጉም ይጠቀምበት ነበር። ዛሬም የሕንፃ ግድግዳ ላይ "ኢን ዘ ኢቨንት ኦፍ ፋየር" ተብሎ የሚለጠፈው "እሳት ቢነሣ" ማለት ነው እንጂ "እሳት ሲነሣ" ማለት አይደለም።

በጣም ያሳቀኝ ሌላ ነው። ስለ "ኢቨንቹዋል ኮንሲስተንሲ" እ.ኤ.አ. በ2008 የታወቀውን ጽሑፍ የጻፉት የአማዞኑ የቴክኖሎጂ ኃላፊ ቨርነር ቮግልስ የኔዘርላንድስ ሰው ናቸው። በእናታቸው ቋንቋ ቢነበብ ያ ሁሉ ዋስትና "ምናልባት ይስማማሉ" ይሆን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1928 ሁለት ፈረንሳውያን እንዲህ ዓይነቶቹን ቃላት "ሐሰተኛ ወዳጆች" ብለው መጽሐፍ አሳትመውባቸዋል። ስሙ ልክ ነው። የማላውቀው ቃል ቢሆን ኖሮ መዝገበ ቃላት እከፍት ነበር፤ ይኼኛውን ግን የማውቀው መስሎኝ አለፍኩት። ሰውዬውም እንደዚያው። ማን ዋሸ? ማንም። ሥራው ግን የለም።

ለእናቴ መንገር ነበረብኝ። "ቋሚ" ያልኳት ቀረ አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና "ይሆናል፣ ልጄ" አለች።

ስልኩን ዘግቼ ቃሉን አሰብኩት። "ይመጣል ይሆናል" ስንል እርግጠኛ አይደለንም። "አይዞህ፣ ይሆናል" ስንል ግን አይቀርም ማለታችን ነው። እናቴ የቱን እንዳለችኝ አልጠየቅኋትም።