ኮሪያ የቀረው የእማማ ልጅ

ልጅ ሳለሁ ኮሪያ ከልደታ ብዙ የማይርቅ ሰፈር ይመስለኝ ነበር። ጎረቤታችን እማማ ስለ ልጃቸው ሲጠየቁ «ሞተ» አይሉም፤ «ኮሪያ ቀረ» ነው የሚሉት። ለልጅ ጆሮ ደግሞ የቀረ ሰው አንድ ቀን ይመጣል።

ነገሩ የገባኝ ትምህርት ቤት ነው። በራስ መኮንን የፈረስ ስም የተሰየመው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ከጅቡቲ በመርከብ ዘመተ። ሌሎችም ተከተሉት። ከ120 በላይ ወታደሮቻችን እዚያ ወደቁ፤ ከ500 በላይ ቆሰሉ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም።

ነርስ ሆኜ የእማማን ደም ግፊት ልለካ ስገባ ቡና ተፈልቶ ይጠብቀኛል። አንድ ስኒ ሁልጊዜ ትርፍ ይቀዳና ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶ ሥር ይቀመጣል። እኔ «ጨው ይቀንሱ» እላለሁ፤ እሳቸው ፎቶውን ያያሉ። (ግፊቱ የጨው ብቻ እንዳልነበረ ዲፕሎማ አያስፈልገውም።) ሊያርፉ ሰሞን ፎቶውን አውርደው ሰጡኝ። «ከኔ በኋላ ማን ያየዋል?» አሉ።

አደራዬን አልጠበቅኩም። ሰፈራችን ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ስንገባ ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፤ እዚያው ዓመታት ተቀመጠ። ባለፈው ወር የልጅ ልጄ አገኘውና «እማዬ፣ ይሄ ወታደር ማነው?» አለኝ። ስሙን ለማስታወስ ጥቂት ዝም ማለት ነበረብኝ። አፈርኩ።

አሁን ሳሎን ተሰቅሏል። ቅዳሜ አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ እንሄዳለን። ልጁ ስሙን ከነአባቱ በወረቀት ጽፎ ይዟል።