ክራር የቃኘው ጆሮ

አምደወርቅ ላይ ጆሮዬን የቃኘው ክራር ነው። አዲስ አበባ ያጠራቀምኳት ገንዘብ ለአንድ የኤሌክትሪክ ጊታር ብቻ ስትበቃ ታዲያ፣ ምርጫው የዋዛ አልሆነልኝም።

የዚህ ጊታር ጠባይ በአብዛኛው የሚታወቀው ከክሮቹ ሥር ባለው ፒክአፕ ነው። ማግኔትን የከበበ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የብረት ክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ስትራቶካስተር ላይ ሦስት ሆኖ የተደረደረው ሲንግል ኮይል፣ ማለትም ባለ አንድ ጥቅሉ፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ግን ከመብራት መስመር እንደ ቀፎ ንብ እምም የሚል ድምፅ ይለቅማል። ባለ ሁለት ጥቅሉ ሀምበከር እምምታውን ያጠፋል፤ ዜማውንም ያወፍራል።

ሁለቱንም በአምባሰል ቅኝት ፈተንኳቸው። በሀምበከሩ ክሮቹ እርስ በርስ ተደበላለቁብኝ፤ በባለ አንድ ጥቅሉ ግን እንደ ስድስቱ የክራር አውታሮች እያንዳንዱ ለየብቻው ተናገረ። እሱን ገዛሁ።

እምምታውም መላ አለው፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ስትራቶካስተሮች የመካከለኛው ፒክአፕ በተቃራኒ ስለተጠመጠመ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሲጣመር ጸጥ ይላል። ብቻውን ሲያንጎራጉር ደግሞ ያንጎራጉር፤ በእኛ አገር ጭስ ፈርቶ እሳት መሞቁን የሚተው የለም።