እዬዬም ሲደላ ነው

«እዬዬም ሲደላ ነው» የሚለውን አባባል ብዙዎቻችን ለጨዋታ እንጠቀምበታለን። አያቴ ግን ስትለው ፈገግ ብላ አታውቅም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የ11 ዓመት ልጅ ነበረች።

የዚያን ቀን ታሪክ አንባቢ ያውቀዋል። ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ ለድሆች ምጽዋት ሲያስድል አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ወረወሩበት። ከዚያ ፋሺስቶቹ ለሦስት ቀን ሕዝቡን በጥይት፣ በጩቤና በአካፋ ፈጁት፤ የሣር ቤቶችን በቤንዚን አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ያህል አድርሶታል። ብዙም የማይወራው ከሦስቱ ቀናት በኋላ የነበረው ኑሮ ነው።

በእነ አያቴ ሰፈር የተረፉት አብዛኞቹ ባልቴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ሬሳው በጅምላ ስለተነሣ ቀብር የሚባል ነገር አልነበረም። ድንኳን ጥሎ ማልቀስም ራስን ለሰላይ ማሳየት ነው። ጎረቤት ከጎረቤት መነጋገር ፈራ።

ሰፈሩ የሚካኤል ማኅበር ነበረው። መጋቢት 12 ሲደርስ፣ ቤተሰቡ «እማማ» የሚላቸው የአያቴ አያት የቀሩትን ማኅበርተኞች አንድ በአንድ አስጠሩ። ሰባት ባልቴቶች እንዝርትና ጥጥ ይዘው በጓሮ በኩል ገቡ፤ ሰው ድንገት ቢመጣ ፈትል ላይ ናቸው። ጾም ስለነበር በእፍኝ በእፍኝ ካመጡት ስንዴና ሽንብራ ንፍሮ ተቀቀለ። ጽዋው ከነቤቱ ተቃጥሎ ስለነበር በቅል ጠጡ።

ከመካከላቸው አንዷ የልጃቸውን ስም ጠርተው ሊጮኹ ሲሉ እማማ አፋቸውን በነጠላ ያዙና «እዬዬም ሲደላ ነው፣ እህት ዓለም። መጀመሪያ ማን እንዳለን እንቁጠር» አሏቸው።

ቆጠሩ። ወላጅ ያጣው ልጅ የት እንደሚያድር፣ ጣሪያ የሌላት አራስ ማን ጋ እንደምትጠጋ፣ የታመመውን ማን እንደሚጠይቅ እንዝርታቸውን እያሾሩ ተነጋገሩ። እማማ እናትና አባቷ ያልተገኙ አንዲት ልጅ ወሰዱ። ልጅቷ ከዚያ ምሽት ጀምሮ ከአያቴ ጋር አንድ ቁርበት ላይ ተኛች። እኔ ታላቋ አክስቴ እያልኩ ያደግኩት እሷን ነው፤ በሥጋ እንደማንዛመድ ያወቅኩት ካገባሁ በኋላ ነበር።

በየወሩ በ12 ቤት እየቀያየሩ ተሰበሰቡ። ጉልበት የላቸውም፣ መሣሪያ የላቸውም፤ አሮጊት ብሎ የናቃቸው ጠላት ግን ፈትላቸውን አልፈተሸም። ሰፈሩ እንደገና ሰፈር የሆነው በእነዚያ እጆች ነው።

በየዓመቱ የካቲት 12 ሐውልቱ ሥር አበባ ስናስቀምጥ ለሞቱት ነው፤ ይገባቸዋል። እኔ ግን የተረፉትንም አስባለሁ። በቤታችሁ አረጋውያን ካሉ ማን እንደሞተ ብቻ ሳይሆን ማን ማንን እንዳስጠጋ ጠይቋቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሡ አዲስ አበባ ገቡ። በዚያው ሰሞን እነ እማማ ደጃፋቸው ላይ ድንኳን ጣሉ። ከሰባቱ አራቱ ቀርተው ነበር። አያቴ እንዳለችው ያን ዕለት ከጠዋት እስከ ማታ ድምፃቸው እስኪዘጋ አለቀሱ፤ ማንም ዝም በሉ አላላቸውም።