የልጆቻችን ጥርስም አማና ነው



«ጥርሱን ትል በላው» ሲባል እየሰማን አድገናል። ዛሬም የሕፃን ጥርስ ሲጠቁርና ሲቦረቦር ብዙዎቻችን የምንከሰው ትሉን ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በአፋችን ውስጥ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። ስኳር ሲያገኙ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን እያሟሟ ይቦረቡረዋል። ምራቅ አሲዱን ለማርከስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ ቁም ነገሩ የስኳሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን በቀን ስንት ጊዜ ወደ አፍ መግባቱም ነው።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳችኝ አንዲት የአበርገሌ እናት ናት። የአራት ዓመት ልጇ የፊት ጥርሶች እስከ ድዱ አልቀዋል፤ ሌሊት ሌሊት በሕመም ያለቅሳል። «ወተት ሲጠፋ ሻይ በስኳር አድርጌ እሰጠዋለሁ፤ ቂጣውንም በሱ እየነከረ ይበላል፤ ዝም ይልልኛል» አለችኝ። በዚህች እናት ላይ ማን ይፈርዳል? የሰጠችው ካላት፣ ከእዝነትም ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው ሻይ ሆድ ይደልላል እንጂ አካል አይገነባም፤ በምግብ ውስጥ ያለውን ብረትም ሰውነት በደንብ እንዳይወስድ ያደርጋል። ጥርሱ የታመመ ልጅ ደግሞ የተገኘውንም ምግብ ማኘክ ያቅተዋል። ችግሩ ጥርሱን ጎዳው፤ ጥርሱም ችግሩን አባሰበት።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስወገድ የገባው ቃል ኪዳን የተሰየመው በሰቆጣ ስም ነው። በዚያው ዓመት የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል። በቀን 1200 ካሎሪ ለሚበቃው ሕፃን 10 በመቶው 30 ግራም፣ ማለትም ሰባት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን ይህን ያህል ስኳር ሊኖረው ይችላል።

«ማርስ?» የሚል አይጠፋም። የዋግ ማር የታወቀ ነው፤ አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ነሕል በማር ውስጥ ለሰዎች ፈውስ እንዳለ ነግሮናል። ይሁንና ጸጋም በልክ ነው። ማር ጥርስ ላይ ተጣብቆ ካደረ ባክቴሪያው ከስኳር ለይቶ አይተወውም። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ደግሞ ለከባድ መመረዝ ስለሚያጋልጠው ማር ጨርሶ መቅመስ የለበትም።

«የወተት ጥርስ እንደሆነ ይወልቃል» ብሎ መተውም አይበጅም። የመንጋጋ የወተት ጥርሶች እስከ 10 እና 12 ዓመት ያገለግላሉ፤ ለቋሚዎቹም ቦታ ይጠብቃሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? አበርገሌ የፍየል አገር ነው፤ ወተት በተገኘ ጊዜ አፍልተን ያለ ስኳር እንስጥ። ጣፋጭ ነገር ከተሰጠም ከምግብ ጋር ይሁን፤ ከዚያም ልጁ አፉን በውኃ ይጉመጥመጥ። ከመኝታ በፊት ግን አይሁን። በዒድ ቀን ከረሜላ አንከልክል፤ ቀኑን ሙሉ ሲመጥ እንዳይውል ግን ጊዜ እንወስንለት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲዋክን እጅግ ይወዱ፣ ሶላት ሲደርስም ያበረታቱ ነበር። አባት ከሶላት በፊት በወይራ መፋቂያ ጥርሱን ሲፍቅ ያየ ልጅ ሳይነገረው ይማራል። የጥርስ ሳሙና ለማግኘት የቻለ ፍሎራይድ ያለበትን መርጦ በቀን ሁለት ጊዜ ይቦርሽለት፤ ሦስት ዓመት ላልሞላው የሩዝ ፍሬ ታህል፣ ከዚያ በላይ ላለው የአተር ፍሬ ታህል ትበቃለች።

ልጆቻችን የአላህ አማና ናቸው። አካላቸው ሁሉ፣ ያቺ ትንሿ ጥርስ ሳትቀር፣ የዚሁ አማና ክፍል ናት። እዝነታችንን በስኳር ብቻ አንግለጽላቸው። አላህ (ሱ.ወ.) ለልጆቻችን ጤናን፣ ለወላጆችም ሐላል ሲሳይን ይወፍቅልን። አሚን።